ቀስ ድስት

«ለማን ሰጡት?»

እስከዳር የደብተር ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በሩጫ ስለመጣች ላቡ በአንገቷ ይወርዳል። የመጋቢት መተማ ለሚሮጥ ሰው አይራራም።

አባቷ አቶ እንግዳው በር ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠው፣ የተረከዛቸውን ንቃቃት በድንጋይ ይፈገፍጋሉ። ጠዋት ነው ከኮኪት፣ ከእርሻቸው የመጡት። ፊታቸው ላይ ትልቅ ጉዳይ ፈጽሞ የተመለሰ ሰው እርካታ አለ።

«ለባለቤቱ ነዋ» አሉ። «ለአባ ሰማኸኝ። ካርቶኑን እንደታሸገ ተሸክሜ ወስጄ፣ በእጃቸው አስረክቤ፣ ተመርቄ መጣሁ።»

«ድስቱን?»

«ድስቱን።»

«የእኔን ድስት?»

አቶ እንግዳው ቀና አሉ። «የአንች? የምን የአንች?»

እስከዳር የዛሬውን ቀን ሙሉ ያሳለፈችው ያንን ድስት እያሰበች ነበር። ጠዋት ለመምህር ደረበ በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት «ከነገ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀርም» ብላ ቃል ገብታለች። ቃል የገባችው በድስቱ ተማምና ነው። አሁን ድስቱ የንስሐ አባታቸው ቤት ገብቷል፤ አባቷም ተመርቀውበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ደረበ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ለሚኒስትሪ ፈተና ለማዘጋጀት ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት የሂሳብ ቱቶሪያል ያስተምራሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ወንበር ያገኘ ይማራል፣ ያላገኘ ደጅ ቆሞ በመስኮት ይሰማል። እስከዳር ወንበር አላት። ግን ከተቀመጠችበት ቀን የቀረችበት ይበልጣል። ምክንያቱ ወጥ ነው። ጾም ስለሆነ አባቷ እህል የሚቀምሱት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ወንድሟ ባየልኝ ደግሞ ጾመም አልጾመም ሆዱ ሰዓት ያውቃል። ስለዚህ ሌሎቹ ልጆች ስለ ኤክስ እና ዋይ ሲጨቃጨቁ እሷ ከከሰል ጋር ትጨቃጨቃለች። ማታ ሠርታ እንዳታሳድር፣ በመተማ ሙቀት የማታ ወጥ ጠዋት ይኮመጥጣል።

ይህን ሁሉ እናቷ ሰርኬ ታውቃለች። ኩዌት ሰው ቤት ከገባች ጀምሮ ከሁሉም በላይ የሚያሳስባት ይኸው ነው። ጾሙ ሊገባ ሲል ነበር ያንን የድምፅ መልእክት የላከችው።

«እስኩ፣ ማዳሜ ቤት ልትቀይር ነው። ከማድቤቱ ዕቃ አንዱን ውሰጅ ብላኛለች። አንዱ ሩዝ ማብሰያ ነው፤ ሩዝና ውሃ አድርገሽ ትጫኝዋለሽ፣ ሲበስል ራሱ ቀጭ ብሎ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያበስል ነው። ጠዋት ሽንኩርቱንም ምስሩንም ቅመሙንም ታደርጊበትና፣ ክዳኑን ዘግተሽ ትምህርትሽን። ስትመለሽ ደርሶ፣ ሞቆ ይጠብቅሻል። ሁለቱንም እዚህ ሞክሬያቸዋለሁ። የትኛው ይሻልሻል?»

እስከዳር መልእክቱን ደጋግማ ሰማችው። ሰው «የትኛው ይሻልሻል?» ብሎ ከጠየቃት ቆይቷል። ባየልኝ ሩዝ ይሁን ብሎ አገር አመሰ። ሩዝ ደረቅ ነው፣ ወጥ የሚባል ነገር ተረሳ ማለት ነው፣ በስኳርም ይበላል አለ። ረቢዓ ግን፣ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው፣ ሌላ ነገር ነገረቻት። የረቢዓ እናት ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር ቁርስ ላይ ፉል ትሸጣለች።

«እናቴ የፉሉን ማሰሮ ማታ ፍም ላይ ጥዳው ነው የምትተኛ» አለች ረቢዓ። «ጠዋት ስትነሳ ቀልጦ ታገኘዋለች። ወላሂ፣ ቀስ የሚለው ይሻልሻል። ሩዙ ራሱ ቢበስልም ወጡን ያው አንች ነሽ የምትሠሪ። ኸላስ፣ ምረጭና ገላግይን።»

እስከዳር ቀስ የሚለውን መረጠች። የተሸነፈው ባየልኝ «ቀስ ድስት» ብሎ ስም አወጣለት፤ ለማላገጥ ነበር፣ ስሙ ግን ጸደቀ። እናቷም በስልክ «የቀስ ድስቱን ጠቅልዬዋለሁ»፣ «የቀስ ድስቱን የሚያመጣ ሰው አገኘሁ» ማለት ጀመረች። በዚያ ሰሞን አቶ እንግዳው ምንጣሮ ላይ ስለነበሩ ኮኪት ነበር የሚያድሩት። ስሙን አልሰሙም።

«ስልክዎን ያሳዩኝ» አለች እስከዳር።

አቶ እንግዳው ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። እርሻው ላይ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ እናቷ ለእሳቸው ድምፅ አትልክም፣ ትጽፋለች። የጻፈችውም ይኸው ነው፦ «የቄስ ድስቱን ከዚህ በምትመለሰው በሠላማዊት እጅ ልኬዋለሁ። ኮኪት ላይ ከአውቶቡሱ ተቀበልና አድርሰው።»

እስከዳር ጽሑፉን አፍጥጣ አየችው። ቀ መሆን የነበረባት ፊደል እግሯ ላይ ቀለበት አጥልቃ ቄ ሆናለች። የእናቷ ጣት ትንሽ ብትስት፣ ያቺ ቀለበት የእሷን ድስት ይዛ አባ ሰማኸኝ ቤት ገባች።

«ቀስ ነው!» አለች። «ቄስ አይደለም፣ ቀስ! ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት! እማዬ ለእኔ ነው የላከችው!»

መጀመሪያ የገባው ባየልኝ ነው። ከጓዳ ብቅ ብሎ ስልኩን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አነበበና በሳቅ ፈረሰ። «የቄስ ድስት! አባ ሰማኸኝ በመቋሚያቸው ሲያማስሉት ታየኝ!»

«ዝም በል አንተ!»

አቶ እንግዳው ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ጆሯቸው ቀስ በቀስ ቀላ። «እኔ ስለት መስሎኝ ነዋ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አምና ታማ አልነበር? ሲሻላት ለንስሐ አባቷ ተስላ ይሆናል አልሁ። ስለት ደግሞ ለምን ተሳልሽ ተብሎ አይጠየቅ።»

«እሺ። አሁን ሄደው ያመጡታል።»

«ምኑን?»

«ድስቱን።»

«አብደሻል?» አቶ እንግዳው ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ቄስ እጅ የገባን ዕቃ፣ ያውም ተመርቄበት፣ መልሱልኝ ልበል? ካርቶኑን ተሸክሜ ስሄድ ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል። እነ ሰጠኝ ከሱቃቸው ወጥተው ‘ሰርኬ ስለቷን አስገባች’ ብለው መርቀውኛል። ነገ በየት በኩል ነው የማልፈው?»

«እኔስ? ነገ ቱቶሪያል አለብኝ።»

«ቱቶሪያሉን ከድስቱ ምን አገናኘው? እስካሁንስ በምን ስትሠሪ ነበር?»

ይህቺ ጥያቄ ደረቷ ላይ እንደ ፍም ተቀመጠች። እስካሁን በምን ስትሠራ ነበር? በክፍለ ጊዜዋ። በቤት ሥራዋ። በጨዋታዋ። ይህን ሁሉ ልትናገር ትችል ነበር፣ ግን ለአባቷ «አንቱ» እያለች ነው ያደገችው፤ በአንቱታ መቆጣት እጅን ታስሮ እንደ መደባደብ ነው። ቦርሳዋን ወርውራ ወደ ማድቤት ገባች። ከሰሉን እፍ ስትል ከእሳቱ ይልቅ እሷ ትጤስ ነበር። በዚያ ቀን ምስሩ ጨው በዛበት፤ ማንም ግን ትንፍሽ አላለም።

ማታ እናቷ ደወለች። እስከዳር የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ከዚያ እናቷ ሳቀች። እንዲያው ዝም ብላ ሳቀች፣ እስክታስል ድረስ።

«ወይኔ ጉዴ! ቄስ ብዬ ጻፍሁ?»

«ምኑ ያስቃል?»

«አይ፣ አባትሽ ካርቶን ተሸክሞ ሲመረቅ ታየኝና ነው። በቃ ተይው የኔ ልጅ። ወደ ደግ ቦታ ነው የሄደው። እኔ አልቆጭም።»

«እኔ እቆጫለሁ» አለች እስከዳር። «ሩዝ ማብሰያውስ?»

«እሱንማ አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒኗ ወሰደችው። አንድ ነበር የተፈቀደልኝ።» እናቷ ድምፅዋን አለሳለሰች። «አንች እኮ ጎበዝ ነሽ፣ እስኩ። እስካሁን ችለሽው የለ?»

ጎበዝ። እስከዳር ይህን ቃል አምርራ ትጠላዋለች። ሰዎች ጀርባዋ ላይ ሊጭኑባት ሲፈልጉ መጀመሪያ ጎበዝ ይሏታል። ባየልኝን ጎበዝ ያለው ሰው የለም፤ እሱም ተመችቶት ይኖራል። ስልኩን ዘጋችው። እናቷ ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ ነው ብላ እንድታስብ ተመኘች፤ ቆይታ ደግሞ እንዲያውም ልክ ልኳን አውቃ ትደር አለች በልቧ። ሳቋ አንጀቷን አቃጥሎት ነበር።

በማግስቱ መምህር ደረበ ከክፍል ሲወጡ ጠሯት።

«እስከዳር፣ ትናንት ያልሽውን አልረሳሁም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበርሽ ባዶ ከሆነ ለሙሉአለም እሰጠዋለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። እሱም ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ በመስኮት ነው የሚማር።»

«እሺ ቲቸር» አለች። ሌላ ምን ትበል? ድስቴ ጠፍቶ ነው ትበል?

ረቢዓ በር ላይ ጠበቀቻት። ነገሩን ስትሰማ እንደ ባየልኝ አልሳቀችም፤ ለዚህ እስከዳር በልቧ አመሰገነቻት።

«ሂጅና አምጭው» አለች ረቢዓ። «ዕቃው የራስሽ አይደል እንዴ?»

«አባቴ ይገድሉኛል።»

«አባትሽ ይቆጡ ወይስ ወንበርሽ ይሂድ? ምረጭ። ኸላስ።»

እስከዳር ሄደች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከጉምሩክ ጀምሮ የተሰለፉት ከባድ መኪኖች ሥር ሾፌሮቹ ምንጣፍ አንጥፈው ተኝተዋል። በእነሱ በኩል እየታከከች፣ የምትናገረውን እያጠናች ሄደች። «ድስቱ የእኔ ነው። በስሕተት ነው የመጣ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መልሱልኝ።» ይቅርታ የምትለዋን አንዴ አወጣቻት፣ አንዴ መለሰቻት። በመጨረሻ አወጣቻት። ይቅርታ የምትጠይቀው ምን አጥፍታ ነው?

የአባ ሰማኸኝ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። አባ ለቅዳሴ ገብተዋል። ባለቤታቸው እማማ አየሁሽ ግን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ተገናኙ።

«የሰርኬ ልጅ! ግቢ፣ ግቢ!» ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። «እንዲያውም ልልክብሽ ነበር። ነይ እይው፣ ነይ!»

ጎትተው አስገቧት። እስከዳር ድስቱን በዓይኗ ስታየው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ሶኬቱ አጠገብ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ፣ ሞላላ፣ ውስጡ የሸክላ፣ ክዳኑ የመስታወት። ትንሽ ቀይ መብራት በርታበታለች። ክዳኑ በእንፋሎት ደብዝዟል፣ ከሥሩ ባቄላው አልፎ አልፎ ቡል ይላል። የመጣበትን ካርቶን እማማ አየሁሽ ቀጥ አድርገው አጥፈው ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። እናቷ ልካላት በፎቶ ካየችው በላይ ቆንጆ ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ዲያቆኑ ነው ሰክቶ ያሳየኝ» አሉ እማማ አየሁሽ። «ትናንት ምስር ሞከርሁበት። ዛሬ ባቄላ አልሁ። እናትሽን እግዜር ይስጣት፤ ምን እንዳደረገችልኝ አታውቅም። ከተጋባን ጀምሮ ልጄ፣ በሁዳዴ ቅዳሴ ጨርሼ አላውቅም። አባ ቀድሰው ሲመጡ ምን ይቅመሱ? ወንጌሉ ሲነበብ ከሰል ላያይዝ ተነስቼ እወጣ ነበር። የቄስ ሚስት ሆኜ ከሁሉ ቀድሜ የምወጣ እኔ! ትናንት ግን እትዉ በሰላም እስኪባል ቆሜ ቆየሁ። አባም ሲወጡ እዚያ ሲያዩኝ ደነገጡ።»

ሳቁ። የሳቁት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከልለው፣ እንደ ልጃገረድ ነው።

እስከዳር ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። የቀረላት ንዴቷ ብቻ ነው፣ እሱ ራሱ ተናገረ።

«የእኔ ነው።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ድስቱ የእኔ ነው። ስለት አይደለም። እናቴ ቀስ ብላ ልትጽፍ ቄስ ብላ ጻፈች፣ ቀስ ብሎ የሚያበስል ማለቷ ነበር። ለእኔ ነው የላከችው። በዘጠኝ ሰዓት ቱቶሪያል አለኝ፣ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ወጥ መድረስ አለበት። ዛሬ ካልሄድሁ ወንበሬን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል። ለዚህ ነው የመረጥሁት። እኔ ነኝ የመረጥሁት።»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው።  እማማ አየሁሽ ድስቱን፣ ከዚያ እሷን አዩ። ይቆጡኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር፣ ለቁጣ መልስ አላት።

«ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል?» አሉ እማማ አየሁሽ። «የሰው ዕቃ ነዋ። ውሰጅው።»

ክዳኑን አንስተው አንዲት ባቄላ በማንኪያ አወጡና በሁለት ጣታቸው ጨመቋት። አልፈነዳችም።

«ወይ፣ ገና ጥሬ ነው። እንግዴህ ትንሽ ጠብቂኝ። ሲበስል ገልብጨ፣ አጥቤ እሰጥሻለሁ። እኔም ዛሬ አልሄድም፣ አብረን እንጠብቀዋለን። እግዜር አይቀየመኝም።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ተቀመጡ። አንድም ቃል አላማረሩም። ከአጥሩ ማዶ ደወሉ ሲደወል አንገታቸውን ወደዚያ ዞር አደረጉና መለሱት።

እስከዳር ድስቱን አየችው። ባቄላው ቡል አለ። ቆየና እንደገና ቡል አለ። ስምንት ሰዓት አልፏል። ከጠበቀች ድስቱን ይዛ ትወጣለች፣ ወንበሩ ግን የሙሉአለም ይሆናል። አልጠብቅም፣ አሁኑኑ ይገልብጡልኝ ካለች፣ እማማ አየሁሽ ጥሬውን ባቄላ ይዘው ከሰል ሊያቀጣጥሉ ነው። ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት መርጣ፣ አሁን ቀስ ማለቱ አንገቷን አነቃት።

«እማማ» አለች። «አባ ራሳቸው ቢጥዱስ? አንድ ቀን? ቀድሰው ሲመጡ?»

እማማ አየሁሽ ዓይናቸውን አፈጠጡ፣ ከዚያ በሳቅ ተንፈቀፈቁ። «ቄሱ? በመቋሚያቸው ያማስሉት?»

የባየልኝ ቀልድ ራሱ ነው፣ ቃል በቃል። እስከዳር አልሳቀችም። በዚህች ከተማ ወንድ ወጥ ሲያማስል ከማሰብ የበለጠ የሚያስቅ ነገር የለም ማለት ነው? እናቷ ባሕር ማዶ ሆና ለወጡ የምትጨነቀው፣ ድስት መርጣ፣ ሰው ፈልጋ የምትልከው፣ እማማ አየሁሽ ከወንጌል መሀል የሚነሱት፣ እሷ ከወንበሯ የምትነሳው ለምንድን ነው? ሁለቱም ቤት ውስጥ እጅ ያላቸው ሰዎች አሉ። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ የተቆጣችው በአንዲት ፊደል ነበር። ፊደሏ ምን አደረገች? ፊደሏ ባትሳሳትም ጠዋት ጠዋት ሽንኩርት የምትከትፈው ያው እሷ ነበረች።

ተነሳች።

«ይቆይ፣ እማማ። ቅዳሴዎ ያመልጥዎታል።»

«ድስቱስ?»

«ድስቱ ይቆይ። ግን ስለት አይደለም» አለች፣ ድምፅዋ አሁንም እንደሻከረ። «የእኔ ነው። ሲያስፈልገኝ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«የአንች ነው። አውቄያለሁ» አሉ እማማ አየሁሽ። ይህን ሲሉ አልሳቁም። ነጠላቸውን አንስተው አጣፉ፤ አብረው ወጡ፣ እሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ እሷ ወደ ቤቷ።

አባቷ ጥላ ሥር ጋደም ብለው፣ ባየልኝ አጠገባቸው ስልክ ሲጎረጉር አገኘቻቸው።

«የት ነበርሽ?» አሉ አቶ እንግዳው።

«አባ ሰማኸኝ ቤት።»

አባቷ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ድስቱን ልታመጭ?»

«አዎ። ለእማማ አየሁሽ ትቼላቸው መጣሁ።»

አቶ እንግዳው እፎይ አሉ። ፊታቸው እንደ ትናንቱ አበራ። «ጎሽ! ጎበዝ ልጄ!»

ይህ ቃል እንደገና። እስከዳር ማድቤት ገባች። ሽንኩርቱን፣ ቢላዋውን፣ ምስሩን፣ የበርበሬውን ጣሳና የዘወትሩን ድስት በትሪ ይዛ ወጣችና በሁለቱ መካከል አስቀመጠችው። ከሰል የሞላውን ምድጃ ጎትታ ከትሪው አጠገብ አደረገች። ክብሪቱን ከላይ አስቀመጠች።

ባየልኝ ከስልኩ ቀና አለ። «ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለባለቤቱ ነዋ» አለች።

አቶ እንግዳው ትሪውን አዩ፣ እሷን አዩ። «አንች ልጅ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ቱቶሪያል መሄዴ ነው፣ አባዬ። ምስሩን ከመጣድዎ በፊት ይጠቡት፣ ጠጠር አለው።»

ቦርሳዋን አነሳች። አባቷ ይጠሩኛል ብላ ጀርባዋን አደንድና ነው የሄደችው። ከኋላዋ «እስከዳር!» ሲሉ ሰማች። የአጥሩን በር ዘጋችው። ከዚያ እንደ ትናንቱ ሮጠች።

መምህር ደረበ ስትገባ ሰዓታቸውን አይተው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ሙሉአለም በመስኮት አያት። አላዘነችለትም፤ ዛሬ ለማንም የምታዝንበት አቅም አልነበራትም። ረቢዓ በክርኗ ነካ አድርጋ «አመጣሽው?» ስትላት በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። ግማሹን ሰዓት የሰማችው የራሷን ልብ ምት ነው። ሌላውን ግማሽ ግን ሰማች። አንድ ጥያቄም ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሠራች፣ ትክክል ነበር።

ስትመለስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። የአጥሩ በር ጋ ስትደርስ ያረረ ሽንኩርት ሸተታት። ግቢው በጢስ ታፍኗል። ባየልኝ ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ቢላዋ እንደያዘ ቆሟል። አባቷ ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብለው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ፤ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተጠቅልሏል፣ ግንባራቸው ላይ የከሰል ጥቀርሻ አለ። የሞተ ፍም በሕይወት ካለው ጋር ቀላቅለው ስለሚያራግቡ የሚነሳው አመድ ሁሉ ድስቱ ውስጥ ይገባል።

እጇ ሳታዝዘው ተንቀሳቀሰ። ሦስት እርምጃ ሄዳ ካርቶኑን ብትቀበላቸው፣ ፍሙን ብትለይላቸው፣ አለቀ። አባቷም ዞር ብለው አዩዋት። አልተቆጡም፤ ርቧቸዋል፣ ደክሟቸዋል፣ ካርቶኑንም ወደ እሷ ዘርጋ አድርገውታል።

እስከዳር ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ፊደሎቹ በጢሱ መሀል ይደበዝዙባታል፣ ግን ይነበባሉ።

አቶ እንግዳው ካርቶኑን እንደዘረጉ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መልሰው ማራገብ ጀመሩ።

«እስከዳር» አሉ ከቆይታ በኋላ። «ይሄ ምስር እስከ መቼ ነው?»

እስከዳር ገጹን ገለጠች።

«ቀስ ብሎ ነው የሚበስል፣ አባዬ።»